የለበሰው ይመታል

ሻምበል ካርዱን ከጓዝ እጅ ላይ መንጭቆ ወሰደው።

«እኔ አነበዋለሁ» አለ። ማንም አልጠየቀውም። ጉሮሮውን ጠረገና ካርዱን ወደ አምፖሉ ከፍ አደረገው። «የዘንዶው ካባ። ይህን የለበሰ ከሁሉ በፊት ይመታል።»

«ይመታል» የምትለዋን ቃል ላላ አድርጎ፣ በምላሱ ጫፍ ነካ አድርጎ አለፋት። እንዲህ ስትነበብ ካባ ለባሹ መቺ ነው፤ ዘንዶው ክንፉን ሳይዘረጋ ቀድሞ ይሰነዝራል ማለት ነው።

ጓዝ ባዶ እጇን ወደ ጭኗ መለሰች። ካርዱ ላይ የተጻፈውን በቃሏ ታውቀዋለች። ሻምበል ከተጻፈው ላይ አንዲት ፊደል አልቀነሰም፣ አንዲት ፊደል አልጨመረም። እንዲያም ሆኖ ዋሽቷል።

አራቱ ተጫዋቾች የተቀመጡት በማተሚያ ቤቱ የኋላ ክፍል ውስጥ፣ ገና ባልተፈታ የወረቀት እሽግ መካከል ነው። ጠረጴዛቸው የተበላሸ የወረቀት መቁረጫ ነው፤ ስለቱ ከተነሳለት ቆይቷል። ከፊት ለፊቱ ክፍል የማተሚያው ማሽን ድምፅ ሳያቋርጥ ይመጣል፤ የቀለሙ ሽታም አብሮ። የሻምበል ታላቅ እህት እዚህ ትሠራለች። ቅዳሜ ከሰዓት አለቃዋ ስለማይመጣ ክፍሉን ትለቅላቸዋለች። ጨዋታውንም ከራሷ የፈጠረችው እሷ ናት፤ ለዚህ ነው ሁሉም ተራኪ የሚሏት። ዋሻውን፣ ወንዙን፣ ጭራቁን በቃሏ ትተርካለች። እነሱ ምን እንደሚያደርጉ ይነግሯታል። የሚሳካውንና የሚከሽፈውን ከላስቲክ ኩባያ የሚወጣ ዕጣ ይወስነዋል። በመንገድ ያገኙት ዕቃ ሁሉ ደግሞ ከወፍራም ወረቀት ቁርጥራጭ የተሠራ ካርድ አለው።

ተራኪዋ አንድ የማይነቃነቅ ደንብ አላት። ዕቃ ሲገኝ ካርዱን አንዴ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ከዚያ ትሰጣለች። ደግማ አታነብም፤ አታብራራም። ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቃትን ሰው ጆሮ የተሰጠህ ለጌጥ ነው ወይ ትለዋለች።

ካባው የተገኘው ባለፈው ቅዳሜ ነው። የዚያን ቀን ሌሎቹ ሁለቱ ተጫዋቾች፣ ቀጭኔና መርፌ፣ ያመለጣቸውን ፈተና ሊፈተኑ ትምህርት ቤት ቀርተው ስለነበር፣ ተራኪዋ ካርዱን ስታነብ የሰሙት ሻምበልና ጓዝ ብቻ ናቸው። ተራኪዋ ያቺን ቃል አላላላችም። «መ»ንም «ታ»ንም ጥብቅ አድርጋ፣ ጥርሷን ገጠም አድርጋ ነበር ያነበበችው። እንዲህ ሲነበብ ካባ ለባሹ መቺ አይደለም፤ ተመቺ ነው። የዘንዶው የመጀመሪያ ምት ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱ ላይ ያርፋል።

ጓዝ ቃሉን ስትሰማ ደስ ብሏት ነበር። ክፉ ዕቃ መስሎ የሚታየው ካባ ለእነሱ ሁነኛ ዕቃ እንደሆነ ወዲያው ገብቷታል። የዘንዶው የመጀመሪያ ምት ከባድ ነው፤ ቀላል ልብስ የለበሰን ሰው በአንዴ ይገድላል። ካባ ባይኖር ማን እንደሚመታ ዕጣ ይወስን ነበር፤ ዕጣ ደግሞ ዘመድ የለውም። አሁን ግን ምቱን ወደፈለጉት ሰው መምራት ይችላሉ። የብረት ጥሩር የለበሰ ሰው ከእነሱ መካከል አንድ ብቻ ነው። እሱ ቢመታ ይጎዳል እንጂ አይሞትም። እሱም ሻምበል ነው።

ዛሬ ሻምበል በማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ካባው ለቀጭኔ እንደሚሆን፣ ካርዱን ራሱ እንደሚያነበው፣ ከእሷ የሚፈለገው ዝምታ ብቻ እንደሆነ ነገራት። ጥሩሩ ያለው እሱ ጋ መሆኑን ስታስታውሰው ተቆጣ።

«ብተርፍስ? ግማሽ ነፍስ ይዤ ነው የምገባው። ሁለት ዓመት ያሳደግኩትን ሰውዬ ለዘንዶ ልገብር?»

«ቀጭኔ ግን ይሞታል።»

«ይሙታ።»

በዚህ ጨዋታ «ይሙት» ቀላል ቃል አይደለም። ክፍሉ ከአራት ወንበር በላይ አይይዝም። ሲጀምሩ የተስማሙት ዘንዶው በሚጠብቀው በመጨረሻው በር ላይ የሞተ ሰው በሚቀጥለው ጨዋታ ወንበር እንደማይኖረው ነው። የሻምበል የኳስ ቡድን ጓደኛ ደግሞ ወንበር እየጠበቀ ነው፤ ይህን ሻምበል ደብቆት አያውቅም።

ጓዝ የወንበሩን ነገር ስታነሳበት ደግሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዋሺ አላልኩሽም አለ፤ ዝም ማለት ውሸት አይደለም። ከዚያ ወደ በሩ እየሄደ ዞር ብሎ፣ «ደግሞ እዚህ ማን እንዳመጣሽ አትርሺ። ያኔ ከኔ ሌላ ማን ነበር ካንቺ ጋር የሚቀመጥ?» አላት።

እውነቱን ነው። ማንም አልነበረም።

ጓዝ የሚለው ስም የወጣላት በቦርሳዋ ነው። ጓዝ ከቤት ስትወጣ እናቷ ቦርሳዋን ሳትፈትሽ አታሳልፋትም። ፋሻ፣ መርፌና ክር፣ ትርፍ ካልሲ፣ ፀሐይ በጠራራበት ቀን ጃንጥላ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች እናቷ፤ ዚፑ አልዘጋ ሲል በጉልበቷ ተጭና ትዘጋዋለች። ክፍል ውስጥ ልጆቹ ስደተኛ መጣች፣ ቤት ለቀቁ ወይ እያሉ ሙድ ሲይዙባት፣ ከጎረቤቷ ከሻምበል በቀር አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፍቶ ነበር። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ያ ሁሉ ጭንቀት ሙያ ሆነላት። የቡድኑ ዕቃ ጠባቂ እሷ ናት። ቀጭኔ ዋሻ ውስጥ ገደል ሲገባ ገመድ ያሰበ ሰው ከእሷ ሌላ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማን ምን እንደሚይዝ የምትደለድለው እሷ ሆነች፤ ጓዝ ማለትም ስድብ መሆኑ ቀረ።

«ለማን ነው ካባው?» አለች መርፌ። አስማተኛዋ እሷ ናት፤ ምላሷ ከስሟ ይብሳል።

ሻምበል ካርዱን በጠረጴዛው ላይ አንሸራቶ ቀጭኔ ፊት አደረሰው። «ላንተ። ቀስተኛ ቀድሞ ቢመታ ነው የሚያምረው። የተመታ ዘንዶ ደግሞ አይመታም።»

ቀጭኔ ረጃጅም እግሮቹን ከወረቀቱ እሽግ ላይ አወረደ። ካርዱን አልነካውም። እሱና ሻምበል በሰላም የተነጋገሩበት ቀን አይታወቅም። ቀጭኔ አንድ ቀን የቆርቆሮ ሻምበል ብሎት፣ ስሙ ከዚህ ክፍል ወጥቶ ትምህርት ቤቱን ሁሉ አዳርሷል። ሻምበል እስካሁን በኮሪደር ሲያልፍ ከኋላው ቆርቆሮ የሚያንኳኳለት አይጠፋም።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ለኔ ማሰብ የጀመርከው?» አለ ቀጭኔ።

«ላንተ አይደለም ያሰብኩት። ለማሸነፍ ነው። ካልፈለግክ ተወው።»

«እየሸወደህ ነው» አለች መርፌ፤ ጥፍሯን እያየች። «ሻምበል ሲሰጥ እጁን አትይ፤ ኪሱን እይ።»

ቀጭኔ ሁለቱንም ትቶ ወደ ጓዝ ዞረ። ተራኪዋ ካርዱን ስታነብ እሷ እዚያ እንደነበረች ያውቃል። ሻምበል ያነበበው ልክ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ሻምበል በጠረጴዛው ስር እግሯን በጫማው ጫፍ ነካ፤ አልመታትም፣ ነካ ብቻ።

«እንደተጻፈው ነው» አለች ጓዝ።

ይህን ስትል ዓይኗ ካርዱ ላይ ነበር። ደግሞም እውነት ነው፣ እንደተጻፈው ነው። እንዲህ ያለ እውነት መናገር እንደምትችል እስከዛሬ አታውቅም ነበር።

«ጓዝ ካለች አለቀ» አለ ቀጭኔ። በአንዴ ፊቱ በራ። ካባ በብረት ላይ እንጂ በቆዳ ጥሩር ላይ ስለማይደረብ የቆዳውን ካርድ ከራሱ ዕቃ ውስጥ መዝዞ ለጓዝ መለሰላት። ቀጭኔን ከቀላል ቁስል እንኳ የሚያድነው ያ ቆዳ ብቻ ነው። ጓዝ ተቀበለችውና በመዳፏ ሸፈነችው።

ድልድሉ ቀጠለ፤ ጭቅጭቁም። የቁስል ቅባቱ ጥቂት ስለሆነ ሻምበል ከሁሉም ይልቅ ለእሱ እንደሚገባ ተከራከረ። መርፌ ጥሩሩ ውስጥ ገብተህ ቅባት ምን ያደርግልሃል፣ ዝገት ይዞሃል ወይ አለችው። ቀጭኔ ሳቀ። ሻምበል አንተ ስትስቅ የፈረስ ጥርስ ነው የሚታየው አለ። ቀጭኔ የመርዝ ማርከሻውን ጠርሙስ እንዲይዝ ሲጠየቅ ካባ ለባሽ ምን መርዝ ያገኘዋል፣ ገና ቀና ሲል አናቱን ብዬው የለ እንዴ ብሎ ለመርፌ አሳለፈው። ጓዝ ስታይ ልጁ በእያንዳንዱ ካርድ ራሱን እያራቆተ ነበር። ቀድሞ እንደሚመታ አምኗል፤ ስለዚህ ምንም አያስፈልገውም። ሻምበል ደግሞ የተረፈውን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ራሱ ይሰበስባል። አንዴ እንኳ ዓይኗን አላየም።

ማሽኑ ቆመ። ተራኪዋ በቀለም የጠቆሩ እጆቿን በጨርቅ እየጠረገች ገባችና የእሽግ ክምር ላይ ተቀመጠች። ደክሟታል፤ ጫማዋን አወለቀች። ድልድሉ አልቆ እንደሆነ ጠየቀች፤ ሻምበል አልቋል አላት።

«እንግዲህ ይነበብ።»

ጓዝ ይህን ረስታው አልነበረም። ነገር ግን ሻምበል ካርዱን ካነበበ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቷት ነበር። ከትልቅ ውጊያ በፊት ዕቃ ጠባቂዋ ድልድሉን ለተራኪዋ ጮክ ብላ ታነባለች፤ የዕቃውን ስም፣ የሚሠራውን ሥራ፣ የሚይዘውን ሰው። ከዚያ ተራኪዋ ይጽና ወይ ብላ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ሁሉም ይጽና ካለ የሚቀየር ነገር የለም።

ወረቀት ላይ ሁለቱም ቃል አንድ መልክ ነው ያላቸው። አፍ ግን ሁለቱንም በአንዴ አይልም፤ አንዱን መምረጥ አለበት።

የሻምበልን ሰይፍ አነበበች። ጥሩሩን አነበበች። የመርፌን በትር፣ የቀጭኔን ቀስት አነበበች። ካባው ላይ ስትደርስ ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ይህ ራሷንም ገረማት።

«የዘንዶው ካባ። ይህን የለበሰ ከሁሉ በፊት ይመታል። ለቀጭኔ።»

ላላ አድርጋ ነው ያነበበችው። ቃሉ ከአፏ ልክ እንደ ሻምበል አወጣጥ ቀልሎ ወጣ።

ተራኪዋ እጇን የምትጠርግበትን ጨርቅ ለአፍታ ያዝ አደረገች። ጓዝን አየቻት። ተራኪ ተጫዋችን አይረዳም፣ ደንቡ ነው። ከዚያ መጥረጓን ቀጠለች።

ቀጭኔ ጓዝን በክርኑ ነካ አደረጋት። አይዞሽ፣ የመጀመሪያው ቀስት ስላንቺ ነው አላት፤ ያኔ ከገደል ስላወጣሽኝ።

«ይጽና?» አለች ተራኪዋ።

መርፌ ትከሻዋን ሰብቃ ይጽና አለች። ቀጭኔ ይጽና አለ። ሻምበል እህቱ ወደ እሱ ሳትዞር ይጽና ብሎ ጨረሰ።

«ጓዝ?»

ጓዝ ክፉ ክፉውን ማሰብ ታውቅበታለች፤ የተካነችበት ነገር እሱ ነው። አሁንም አሰበች። ሻምበል ሰኞ ጠዋት ያለ እሷ ትምህርት ቤት ሲሄድ አየች። ከክፍሉ የኋላ ወንበር ላይ ብቻዋን ስትቀመጥ፣ ቦርሳዋን አይተው እንደገና ስደተኛ ሲሏት ሰማች። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ውስጥ ተቀምጣ እናቷ ምን ሆነሻል፣ ማን ምን አለሽ እያለች በየክፍሉ ስትከተላት ታያት። ሌላ ጊዜ ክፉ ነገር ሲታያት ለዚያ የሚሆን ዕቃ አስባ ትይዝለታለች። ለዚህ ግን የሚያዝ ዕቃ የለም።

«አይጽናም» አለች።

ሻምበል ቀና አለ። «ምኑ?»

«ካባው። አነባበቤ…» ተሳሳትኩ ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። «አልተሳሳትኩም። አውቄ ነው ያላላሁት።»

ካርዱን ከቀጭኔ ፊት አነሳች። ጥርሷን ገጠም አድርጋ፣ ተራኪዋ ባለፈው ቅዳሜ እንዳነበበችው፣ ሁለቱን ፊደላት ጥብቅ አድርጋ አነበበችው። የለበሰው ከሁሉ በፊት ይመታል።

መርፌ መጀመሪያ ገባትና ጥፍሯን ማየት ተወች። ቀጭኔ ቃሉን በከንፈሩ ብቻ ሁለት ጊዜ አለው፤ አንዴ አላልቶ፣ አንዴ አጥብቆ።

«ስጠይቅሽስ?» አላት።

ጓዝ ዓይኗን ወደ ካርዱ መለሰች።

«እንደተጻፈው ነው አልሽኝ እኮ። ዓይኔ እያየ።» ድምፁ አልጨመረም፤ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። «አንቺ ከሱ ትብሻለሽ። እሱ ጠላት ነው፤ ጠላት ነኝ ብሎ ነው የሚመጣው።»

ሻምበል ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። እሷ ሰምታ ያልገባትን ነገር በእሱ ላይ እያላከከች እንደሆነ፣ ካርዱን ሁሉም ሰው እንደፈለገው ሊያነበው እንደሚችል፣ ለጨዋታ ይህን ያህል ማልቀስ የፋራ ሥራ መሆኑን ተናገረ። ማንም ስላልተቀበለው ወደ ጓዝ ጎንበስ አለ። ከቁጣው የተነሳ ጆሮው ቀልቷል።

«ደግመሽ አንብቢው» አለ ቀስ ብሎ። «አስበሽ። ከዚህ ወዲያ ካንቺ ጋር የሚቀመጥ ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«ተቀመጥ» አለች እህቱ። ከዚያ በላይ አላለችም። «ካባው ባለቤት አጣ። ዕቃ ጠባቂዋ ትደልድል፤ ካልሆነም ይቅር ትበል። ዘንዶው እንደሆነ ከበሩ ጀርባ ነው፤ አይሄድም።»

ይቅር ማለት ይቻላል። ካባውን ማንም ባይለብስ ምቱ በዕጣ ይሆናል፤ ሻምበልን አታስቀይምም፣ ቀጭኔንም አሳልፋ አልሰጠችም። ዕጣው ግን መርፌ ላይ ቢወጣ መርፌ ትሞታለች። ቀጭኔ ላይ ቢወጣ ቀጭኔ ይሞታል። እሷ ላይ ቢወጣ እሷ። ከአራቱ ተመትቶ መቆም የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ የጠብ ነገር አይደለም፣ የዕቃ ነገር ነው። ዕቃ ታውቃለች።

መጀመሪያ በመዳፏ ስር የነበረውን የቆዳ ካርድ ለቀጭኔ መለሰችለት። ሳያያት ተቀበላት። ከዚያ የካባውን ካርድ ሻምበል ፊት አስቀመጠች።

ሻምበል በአንድ ጣቱ ገፍቶ መለሰው።

ጓዝ እንደገና እሱ ፊት አስቀመጠችው። ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ዘመም ብሎ አረፈ። ቀና አድርጋ አስተካከለችው።

«የዘንዶው ካባ» አለች። «ይህን የለበሰ ከሁሉ በፊት ይመታል። ለሻምበል።» አላላላችውም።

ሻምበል ካርዱን አልነካውም፤ አልመለሰውምም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ። ተራኪዋ ጨርቁን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ጠበቀች።

ጓዝ ቀጣዩን ካርድ አነሳች።

«ፋኖስ» ብላ ማንበብ ጀመረች።